ማትራህ ላይ የተሰጣው ጥቁር ባዘቶ

ክፉ ሰው ሲያጠፋ መገሠጽ ቀላል ነው። ደግ ሰው፣ ለዚያውም ውለታ እየዋለ፣ ሲያጠፋ ግን ምን ይባላል? መዲና ሰይድ በዚያ ዓርብ ዐረብ አገር፣ ማትራህ ወደብ ላይ ያደረገችውን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ግን «እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው» ይላል። እውነቱን ነው። ያገራችን ሰው እርጥብ ነገር አይቶ፣ ፀሐይም አይቶ፣ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይሆንለትም።

መዲና የወሎ ልጅ ናት። መዲናት ሱልጣን ቃቡስ ውስጥ በአንድ ቤት አሥራ አራት ዓመት ሠርታለች፤ የቤቱ ልጆች በእጇ አድገው ሁለቱ ተድረዋል። የራሷን ልጅ መሀቡባን ግን ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ናት። ጥላት ስትወጣ የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች። አሁን መሀቡባ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ከትምህርት ቤቷ ፈተናውን ካለፉት ጥቂቶች አንዷ ሆና ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። መዲና ግን ሌላ ነገር አስባለች። የአሠሪዋ የማዳሟ እህት ሶሃር በምትባል ሌላ ከተማ ሠራተኛ ትፈልጋለች፤ ለመሀቡባ የሚወጣው ቪዛ ተዘጋጅቷል፤ የሚቀረው ነገ ቅዳሜ ጠዋት መዲና «እሺ» ማለቷ ብቻ ነው። ለዚህም ነው የዚያን ዕለት ከማትራህ ሱቅ ለልጇ አባያ ገዝታ፣ ፌስታሉን አቅፋ፣ ባሕሩ ዳር ካለው የአውቶቡስ ማቆሚያ የተቀመጠችው።

አጠገቧ አንድ መነጽር ያደረገ ጎልማሳ፣ ዓሣ ነጋዴዎች የሚይዙትን ዓይነት ነጭ የበረዶ ሳጥን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በስልክ ያወራል። የሚያወራውም በአማርኛ ነው። በሰው አገር አማርኛ ሲሰማ አንገት በራሱ ጊዜ ይዞራል።

«ያገሬ ልጅ ነህ?» አለችው ስልኩን ሲዘጋ።

«ነኝ እናቴ። ኢዮሲያስ እባላለሁ። እንደምን ዋሉ?» ብሎ ከመቀመጫው ብድግ አለላት።

ብድግ ማለቱ ልቧን ነካው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሲገባ የምትነሣው እሷ ነበረች።

«አልሐምዱሊላህ። መዲና ነኝ። ዓሣ ነው የያዝከው?»

«አይደለም እትዬ መዲና። ወጠያ ባለ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው፤ ይህቺ የሥራዬ ናት። የላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ ተበላሽቶብን እዚህ ዓሣ ነጋዴዎቹ በረዶ ቤት አስቀምጠናት ነበር። አሁን እንድትደርቅ ልወስዳት ነው።» ክዳኑን ገለጥ አድርጎ አየና ፊቱ ቅጭም አለ። «በረዶዋ እየቀለጠ ነው። ካላስቸገርኩዎት ለጥቂት ደቂቃ ይዩልኝ፤ በረዶ ገዝቼ ልምጣ።»

«ሂድ ልጄ፣ እኔ አለሁ።»

ኢዮሲያስ ሄደ። ግን ሰዓቱ የጁምዓ ሰላት ነበርና ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፤ አውቶቡሱም በዚያ ሰዓት አይመጣም። ጥቂት ደቂቃ የተባለው ከአንድ ሰዓት አለፈ።

መዲና ሳጥኑን እያየች ታስብ ጀመር። ልጁ የሚለው ነገር አልገባትም። የሚደርቅ ነገር ይዞ በረዶ ሊገዛለት ሄደ። ይህ ልጅ ጤናም የለው እንዴ? ወይስ ትምህርቱ በዝቶበት ነው? ክዳኑን አነሣች። ዘጠኝ ትንንሽ የመስታወት ሳህኖች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ የሳንቲም ያህል ክብ፣ ጥቁር፣ እንደ ረጋ ሙቅ ያለ ነገር አለ። ጠርዝ ጠርዙ ውኃ አቅርሯል። ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች። ጥቅምት ቢገባም የማትራህ ፀሐይ ድንጋዩን እንዳጋለችው ነበር። ይህን የመሰለ ፀሐይ እያለ ወጠያ ድረስ መንከራተት ምን ይሉታል?

«ቢስሚላህ» አለች። ሻርፗን ባሕሩ ዳር ካለው ግንብ ላይ ዘረጋች። ዘጠኙንም በጣቷ እያነሣች፣ እንዳይጠጋጉ አድርጋ፣ በወግ በወጉ አሰጣቻቸው። ከዚያ አጠገባቸው ተቀምጣ የባሕር ወፎቹን በእጇ እሽ እሽ ስትል ቆየች። በልጅነቷ ስጥ ስትጠብቅ እንዲህ ነበር የምትቀመጠው። ደስ አላት። ላገሯ ልጅ አንድ ነገር ጠቀመችው።

ኢዮሲያስ በስንት ፍለጋ ያገኘውን የበረዶ ከረጢት እያንጠባጠበ ሲመጣ ግንቡ ላይ ያለውን አየና ቆመ። ዘጠኙም ተጨማደው የዘቢብ ፍሬ አክለዋል፤ አንዳንዶቹ ከሻርፑ ጋር ተጣብቀዋል።

«አደረቅሁልህ» አለችው በኩራት።

ከረጢቱን አስቀምጦ ዘጠኙን ቆጠራቸው። የሁለት ሳምንት ልፋቱ ነበር። ሰው እንዴት እንዳደገ የሚታወቀው ሲደላው ሳይሆን እንዲህ ሲጎዳ ነው፤ ኢዮሲያስ መጀመሪያ ያደረገው የመዲናን ጣቶች በእርጥብ ወረቀት አንድ በአንድ መጥረግ ነበር። «ደርቆ ዱቄት ሲሆን ቢተነፍሱት ለሳንባ አይበጅም፤ ለዚህ ነው» አላት። ሻርፑንም ከነፍሬው ቀስ ብሎ ጠቅልሎ በላስቲክ ከተተ። «ይህን እኔ አስጸድቼ እመልስልዎታለሁ።»

መዲና ከትህትናው ብዛት ጥፋቷን አወቀች። «አጠፋሁ አይደል?»

«ሳላስረዳ የሄድኩት እኔ ነኝ።»

«አጥፍተሻል በለኝ ልጄ። በዚህ አገር ያልተቆጣኝ የለም፤ ያንተ ቁጣ አይገድለኝም። ግን አንድ ነገር አስረዳኝ። ፀሐይ ያበላሸችውን ምን ሊያደርቀው ነው?»

«በረዶ» አለ ኢዮሲያስ።

መዲና ሳትወድ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ሳጥኑን መሬት አስቀምጦ ከጎኗ ተቀመጠ።

«ከሰል ያውቃሉ» ብሎ ጀመረ። «ይህም የከሰል ዘመድ ነው፣ ካርቦን ይባላል። ልዩነቱ፣ እንደ ወረቀት ተጠቅልሎ ቀጭን ቧንቧ መሆኑ ነው። ከፀጉርዎ አንዷን ነቅለው ውፍረቷን አሥር ሺህ ቦታ ቢሰነጥቋት፣ አንዷ ስንጣቂ ይህን ታክላለች። ናኖቲዩብ እንለዋለን። እሱን ውኃ ውስጥ እንበትነዋለን። መበተኑ ራሱ ጣጣ ነው፤ እርስ በርሱ እየተቃቀፈ ይጓጉላል። እንደ ሳሙና ያለ ነገር ጨምረን፣ ጆሮ በማይሰማው ድምፅ እናንቀጠቅጠዋለን። ከዚያ እናረጋዋለን። ሲረጋ ቧንቧዎቹ ተያይዘው መረብ ይሠራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ውኃ ብቻ ነው። እኛ የምንፈልገው ውኃው ወጥቶ መረቡ እንዲቀር ነው።»

«ታዲያ ፀሐይ ውኃውን አላወጣችልህም?»

«አውጥታዋለች። ግን ውኃ ሲወጣ ዝም ብሎ አይወጣም፤ የነካውን ሁሉ ወደ ራሱ እየሳበ ነው። መረቡ አቅም የለውም፣ አብሮ ይጠቀለላል። ከዚያ ያዩትን ዘቢብ ይሆናል። ስለዚህ ውኃውን መጀመሪያ በረዶ አድርገን ባለበት እናስረዋለን። ቀጥለን አየሩ ከተመጠጠ ማሽን ውስጥ እናስገባዋለን። እዚያ በረዶው ወደ ውኃነት ሳይመለስ በቀጥታ እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል። ማንንም አይጎትትም። ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። መረቡ ግን እንደቆመ ይቀራል።»

መዲና ባዶ መዳፏን ገልብጣ አየችው። ነገሩ ስላልገባት አልነበረም። ከሩቅ የመጣ አንድ ነገር ይዟት ነው።

«ባዘቶ» አለች በመጨረሻ።

«ምን አሉኝ?»

«ባዘቶ። የተነደፈ ጥጥ። አባቴ ሸማኔ ነበር፣ እናቴ ፈታይ። ነዳፊዋ እኔ ነበርኩ፣ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ። ጥጡ ይዳመጣል፣ ፍሬው ይወጣል፤ ከዚያ በደጋን እነድፈዋለሁ። የጅማቱ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ድም፣ ድም ይላል። ጭብጥ የማትሞላው ጥጥ ታብጣ ታብጣ ቤቱን ትሞላዋለች። ቅንድቤ ሁሉ ነጭ ይሆናል፤ አባቴ ከሽመና ጉድጓዱ ቀና ብሎ ‹ማነሽ አንቺ አሮጊት?› እያለ ያስቀኝ ነበር። አንድ ክረምት ጣራው አፈሰሰና ባዘቶውን አራሰው። እናቴ ሳታይ ብዬ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ሲደርቅ ጓል ሆነ። እናቴ አየችውና ‹አይ መዲና፣ ትንፋሹን አወጣሽው› አለችኝ። እንደገና ሙሉ ቀን ነደፍኩት።» ግንቡን አየችና ራሷን ነቀነቀች። «ለካ የማውቀውን ነው የረሳሁት። ሰው ቤት ሲኖሩ የሰው ቤቱን ብቻ ነው የሚያስታውሱት።»

ማስተማር የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። አዋቂው አዲስ ነገር ያመጣ ይመስለዋል፤ ሰሚው ግን ግማሹን ከድሮ ቤቱ ያገኘዋል። ኢዮሲያስ ይህን ያወቀ ይመስል ንግግሩን ትቶ፣ ከቦርሳው ክዳን ያላት ብልቃጥ አወጣ፤ ለሰው ማሳያ የሚይዛት፣ በወጉ የደረቀች አንዲት ናሙና ነበረች። ለመዲና ጓንት ሰጣት። መዳፏን ዘረጋች።

«አስቀምጠው እንጂ» አለችው ባሕሩን እያየች።

«አስቀምጬዋለሁ።»

ዞር ብላ አየች። የኩባያ ክዳን የሚያህል ጥቁር ነገር መዳፏ ላይ ተቀምጧል። ክብደቱ አልተሰማትም። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ አልደበቀችውም። ሠላሳ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሳ፣ ባዘቶ በእፍኟ ይዛ ደጃፋቸው ላይ ቆመች። እናቷም አባቷም ዛሬ የሉም፤ ደጋኑ የት እንደገባ እንኳ ጠይቃ አታውቅም።

«ኤሮጄል ይባላል» አለ ኢዮሲያስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ አየር ነው። በዚህ አንድ ሊትር ጠርሙስ ቢሞሉ ክብደቱ አንዲት የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው። ይጫኑት፣ አይፍሩ።»

ጫነችው፤ ስርጉድ አለ። ለቀቀችው፤ ቀስ ብሎ ተነሣና እንደነበረ ሆነ።

ኢዮሲያስ ጠዋት ከወደቡ የቀዳውን ውኃ በጠርሙስ ይዞ ነበር፤ ላዩ ላይ የጀልባ ዘይት ተንሳፍፏል። ከናሙናዋ ጥፍር የምታህል ቆርሶ ጠብ አደረጋት። ዘይቱ ወደ እሷ እየሮጠ መጣና ጥቂት ቆይቶ የውኃው ፊት ጠራ። ቁራጯም አልሰመጠችም።

«ውኃውን ትታ ዘይቱን ጠጣች?»

«የክብደቷን መቶ እጥፍ ትጠጣለች። ተጨምቃ እንደገና ትሠራለች። ሙቀት አታሳልፍም። ኤሌክትሪክ ግን ታሳልፋለች፤ ሲጫኗት የምታሳልፈው መጠን ስለሚለወጥ፣ ስኳር በሽታ እግሩን ያደነዘዘበት ሰው ጫማ ውስጥ ብትገባ፣ የቱ ጋ እንደከበደው ትናገርለታለች። እውነቱን ልንገርዎት፣ ገና ውድ ናት፤ ገበያ አልወጣችም። ለዚያ ነው የምንለፋው።»

«ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት ተማርክ?»

«ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሃያ ሁለት።»

«ያ ረቢ። ሃያ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ የከሰል ባዘቶ።» ይህን ስትል እየቀለደች ነበር፤ ወዲያው ግን ቀልዱ ከፊቷ ጠፋ። «እኔም እኮ ልጅ አለችኝ» ብላ ስለ መሀቡባ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲውና ስለ ሶሃሩ ቪዛ ነገረችው። ነገ ጠዋት መልስ እንደምትሰጥም አልደበቀችም።

ኢዮሲያስ አባያውን በፌስታሉ ውስጥ አየ። «ዩኒቨርሲቲው ደርሷት ሳለ፣ እትዬ መዲና?»

«ምን ይሠራል? ድሮ ‹የተማረ ይግደለኝ› ይሉ ነበር። አሁን የተማረውን ራሱ ሥራ ማጣት እየገደለው ነው። የጎረቤታችን ልጅ ዘለቀ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ባጃጅ ይነዳል። እዚህ ቢያንስ ሥራ አለ። እኔም የተማርኩት ስድስተኛ ክፍል ድረስ ነው፤ አልሞትኩም።»

«ስለ ዘለቀ የሚሉት ልክ ነው። እኔም ከተመረቅሁ በኋላ ሁለት ዓመት ሥራ ፈትቻለሁ፤ የእናቴን ፊት ማየት ነበር የሚከብደኝ። ግን ለዘለቀ ሥራው ቢመጣለት ገብቶ ይሠራል። ያልተማረ ሰው ሥራው ቢመጣም በሩን አያልፍም። መሀቡባ ራሷስ ምን ትላለች?»

«እሺ ብላለች። እናቷን እምቢ ትላለች?»

«ሶሃር ከእርስዎ ቤት ሩቅ ነው።»

«በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ዓርብ ዓርብ እንገናኛለን።»

ኢዮሲያስ የሚቀጥለውን ጥያቄ ከመጠየቁ በፊት መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «እርስዎ የዓርብ ፈቃድ ያገኙት በስንተኛው ዓመት ነው?»

መዲና ፌስታሉን ወደ ደረቷ ሳበችው። በአምስተኛው ነበር። እስከዚያ ባሕሩን ያየችው በመኪና መስኮት ብቻ ነው። የማዳሟ እህት ደግሞ ማዳሟን አትሆንም፤ ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። እያወቀች ግን አንድም ቀን አላሰበችበትም፤ ማሰብ ስላልፈለገች።

«ልጄ» አለችው። «እኔ ትምህርት ጠልቼ አይደለም። የማዳሜ ልጆች እንዴት እንደሚተኙ አውቃለሁ። የትኛው እንደሚራገጥ፣ የትኛዋ በእንቅልፏ እንደምታወራ። የራሴን ልጅ እንቅልፍ አላውቀውም። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ አንድ ወር ሄጄ ነበር፤ እኔን አፍራ ከአክስቷ ጋር ተኛች። አጠገቤ ትሁንልኝ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ኢዮሲያስ መነጽሩን መልሶ አደረገ። «አጠገብዎ መሆኗን ሶሃር ቢሰጥዎት ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር» አለ። «ግን አይሰጥዎትም፣ እትዬ መዲና። ሁለታችሁም በየሰው ቤቱ ትሆናላችሁ።»

ከሰላት የወጣው ሰው መንገዱን ሞላው። ቀዩ አውቶቡስ ብቅ ሲል መዲና ፌስታሏን አንሥታ ቆመች።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ» አለች። «ላንተ ብዬ ዘጠኙን አሰጣሁብህ። ለራሴ ብዬ ደግሞ አሥረኛዋን፣ ልጄን፣ ላሰጣት ነበር። ያንተው በሁለት ሳምንት ይመለሳል። የሷ አይመለስም።»

አንድ ላይ ተሳፈሩ። ወጠያ ሲደርሱ ኢዮሲያስ ሳጥኑን ይዞ ተነሣ፤ ስልክ ቁጥሩን ለመሀቡባ እንድትሰጣት፣ ትምህርቷን በሚመለከት ምንም ቢቸግራት ያለ ሐፍረት እንድትደውልለት ነግሯት፣ ጎንበስ ብሎ ተሰናበታት። «አላህ ይወፍቅህ፣ ያሳካልህ ልጄ» አለችው። በመስኮቱ እስኪሰወር አየችው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ፣ የመዲና እናትነት ትምህርትን ተቃውሞ የቆመ እንዳይመስልህ። ልጇን መፈለጓ ጥፋት አልነበረም፤ ጥፋቱ መንገዱ ነበር። አንድ ልጅ በትምህርት ላይ ያለችባቸው ዓመታት ምንም የማይጨበጥባቸው፣ ባዶ አየር የበዛባቸው ይመስላሉ። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ቀጭኑ መረብ ይሠራል። ያን መረብ ይዛ የወጣች ሴት ሲጫኗት ትነሣለች፤ በሰው ቤት በር ላይ ቆማ የሌላውን ፊት ከማንበብ ትድናለች፤ የወለደቻቸውንም ልጆች እንቅልፍ ታውቃለች። ለቸኮለ ወላጅ አራት ዓመት ረጅም ነው። ተቻኩሎ የተጨማደደ ዕድሜ ግን ከዚያም ይረዝማል።

አውቶቡሱ ወጠያን ሲለቅ መዲና ደወለች።

«መሀቡባ፣ የቪዛው ነገር ኻላስ፣ ቀርቷል። ዩኒቨርሲቲሽ ግቢ።»

ከወዲያ ማዶ በር ሲዘጋ ተሰማ።

«እማ፣ ምን አጠፋሁ? ተቆጥተሽኝ ነው?»

«አልተቆጣሁም። ራሴ ነኝ የተውኩት።»

«እማዬ» አለች መሀቡባ። «እኔ እኮ መማር ነበር የምፈልገው። አንቺ እዚያ ብቻሽን ነሽ ብዬ ነው እሺ ያልኩሽ።»

መዲና ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና እንደገና አስጠጋችው። እናት ልጇ አጠገቧ እንድትሆን፣ ልጅም እናቷ ብቻዋን እንዳትሆን ብለው ትምህርቱን ሊተዉት ነበር።

«ታዲያ መቼ ልንተያይ ነው?» አለች ልጅቷ።

«እኔ እመጣለሁ። ለማዳም ነገ የምነግራት እሱን ነው። ረመዳንን ካንቺ ጋር እጾማለሁ። አሥራ አራት ዓመት አንቺን እንዴት እንደማመጣ ሳሰላ፣ መሄድ ያለብኝ እኔ መሆኔን አላወቅሁም።» የአባያውን ፌስታል ከጉልበቷ ላይ አወረደች። «ለመሆኑ ምንድን ነው የምትማሪው?»

መሀቡባ አፍንጫዋን ሳበች። ማልቀሷ ይሰማል።

«ይህን ጠይቀሽኝ አታውቂም» አለች።

«አሁን ጠየቅሁሽ። ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ።»